ሉቃስ ያሳየን ሰማይ

ጨለማ ፍለጋ ሰው መኪና አስነስቶ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የዘንድሮ ልጆች ይሄዳሉ አሉ። ቅዳሜና እሁድን ጠብቀው፣ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው፣ መብራት ያልገባበት ገጠር ወርደው አንጋጠው ኮከብ ሲያዩ ያድራሉ። የልጅ ልጄ ይህን እንደ አዲስ ግኝት ስታወራልኝ አፌን ይዤ ሰማኋት። እኛ እንግዲህ ጨለማ ሞልቶ የተረፈን ሰዎች ነን፤ በየቤታችን ነበረ፣ ለጎረቤትም ይበቃ ነበር። «እኔም እኮ በጊዜዬ ሄጃለሁ» ብላት ሳቀችብኝ። ለእሷ ያልነገርኩትን ለእናንተ ላውራ። እናንተ ብትስቁም አልሰማችሁም።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ። ሶዶ ያኔ ጀነሬተር ነበራት። ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት ትንደቀደቅና ዋናውን መንገድ፣ ቢሮዎቹን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የጥቂት ባለጸጎችንም ቤት ታበራለች። በዚያች መብራት እንዴት እንኮራ እንደነበር አትጠይቁኝ! ከሻንቶ ገጠር ዘመድ ከመጣ አምፖሉ ሥር ወስደን ሳናቆመው አንሸኘውም። እኔ አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ነው፤ እኔ ግን ሶዶ ተወልጄ ወላይትኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ጭቃ እያቦካሁ የተማርኩ ሰው ነኝ። ጓደኛዬ ሉቃስ ደግሞ ከገሱባ ወዲያ ካለች መንደር የወጣ የኦፋ ልጅ ነበር፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ረጋ ያለ፣ እሁድ ጸሎት ቤት የማይቀር፣ በዚያ ሁሉ አቧራ መሐል ነጭ ሸሚዝ የሚለብስ ደፋር።

በዚያ ዓመት ስለ ሉቃስ ዓይን ወሬ ተነሳ። ፀሐይ ከጠለቀች ሰላም ሲሉት አያይም፤ አንድ ምሽት ዳይሬክተሩን ገፍቶ አለፈና ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመውን የስልክ እንጨት ይቅርታ ጠየቀ እያሉ ተማሪዎቹ ይንከተከታሉ። ዳፍንት ነው ያሉም አልጠፉም። ዳይሬክተራችን ክፉ ሰው አልነበረም። ደንብ የሚወድ ሰው ነበር፣ እሱ ደግሞ አንዳንዴ ይብሳል። አንድ ዓርብ ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ።

«ዓይኑ የከዳው አስተማሪ ይዤ መቀመጥ አልችልም፤ ለበላይ መጻፌ ነው። ግን በወሬ ብቻ ሰው መበደል አልፈልግም። ጓደኛው አይደለህ? እየውና ሰኞ ንገረኝ» አለኝ።

እሺ አልኩ። ያን ጊዜ እሺ ማለቴ እስከዛሬ ያሳፍረኛል። ሉቃስ ከዚያች ክፍል ቢወጣ ሌላ የሚያውቀው ሥራ አልነበረውም፤ እናቱም የሚኖሩት በእሱ ነው። የሰው እንጀራ በእኔ ምላስ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

እግዜር ሲያደርገው፣ ወይም እኔ እንደዚያ መስሎኝ፣ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሉቃስ ራሱ መጣና «ነገ እናቴ ጋ እንሂድ። ይህች የምትመኩባት መብራት ሰማዩን ሸፍናብሃለች። ከእናቴ ደጅ ሆኜ ኮከብ ላሳይህ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ተስማማሁ፤ ሰላይ ሥራው እንዲህ ሲቀልለት አያድርስ ነው ደስታው።

እስከ ገሱባ በጭነት መኪና፣ በከረጢት ላይ ተቀምጠን ስንንገጫገጭ ሄድን። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። እናንተዬ፣ ሉቃስ በዚያ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ሲወርድ ብታዩት! ወንዙን ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠ ሲሻገር እኔ ጫማዬን ይዤ እየተንቦጫረቅኩ ተከተልኩት። ማነው ዓይኑ ደከመ ያለው? ብዬ በልቤ ዳይሬክተሩንም ተማሪውንም ሰደብኩ።

እናቱ ቀጭን፣ ረዥም፣ ፈጣን ሴት ነበሩ። «ሳሮ! ሳሮ!» እያሉ በሰላምታ ጉንጬን ስመው አልጠግብ አሉኝ፤ ከእንሰቱ ጓሮ በኩል ባለው ደጃፍ ላይ በርጩማ አወጡልን፤ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው በዳጣ፣ በዚያ በሚያቃጥለው የሚጥሚጣ ማባያ፣ አቀረቡልን። ዳጣው አናቴን አዞረውና ውሃ ውሃ ስል ሁለቱም ሳቁብኝ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግን ሴትየዋ ብድግ ብለው ጠፉ። ሲመለሱ ከጸሎት ቤት የተዋሱትን ማሾ ይዘዋል፤ ያን በእጅ እየተነፋ የሚበራውን፣ ሺ... እያለ የሚጮኸውን ትልቅ መብራት። ለኮሱት። ደጁ ቀን ሆነ። የመንደሩ የእሳት እራት ሁሉ ተሰበሰበ። ከሶዶ አምፖል ሸሽቼ ስመጣ የባሰ አምፖል ጠበቀኝ!

ትንሽ ታገስኩና በወላይትኛ «እማማ፣ ይጥፋልን እባክዎ፤ ኮከብ ልናይ እኮ ነው የመጣነው» አልኳቸው።

«ኮከቡ የትም አይሄድ። እንግዳ አስቀምጬ ጨለማ? አይሆንም» አሉ።

ወይ ይህ የገጠር ይሉኝታ ብዬ ተናደድኩ። በመጨረሻ ሉቃስ ራሱ «ይጥፋ እማዬ» አላቸው። ልጃቸውን ትክ ብለው አዩትና ማሾውን አጠፉት።

አቤት ሰማይ! ለካ ከአናቴ በላይ ይህን ያህል ነገር ነበረ። ልጅ ሳለሁ አይቼው አምፖሉ ሲመጣ የረሳሁት ሰማይ ሙሉ በሙሉ ቁጭ ብሏል። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ በዳጣው አላሳብብም። ሉቃስ ጀመረ። «ሦስቱ ተደርድረው፣ እዚህ አናታችን ላይ። ወደ ምዕራብ ሰባቱ፣ አንድ ላይ ተጠጋግተው።» ጣቱን ተከትዬ አየሁ፤ ልክ ነው። ሌላ ጠቆመ፤ እሱም ልክ ነው። ደረቴ ቀለለኝ። ሰኞ ደረቴን ነፍቼ ቢሮ ስገባ ታየኝ።

የበልግ ደመና ግን በዚያ አገር ቀጠሮ አያከብርም። ከኦሞ በኩል ቀስ ብሎ መጣና ሰባቱን ሸፈነ፤ ከዚያ ሦስቱን፤ ከዚያ ሁሉንም። አንድም ኮከብ አልቀረም። ሉቃስ ግን ጣቱን ወደ ደቡብ ዘርግቶ «ያቺ ዝቅ ያለችው፣ ነጯ፣ አየሃት?» አለ።

ወደ ጠቆመው አየሁ፤ ደመና ብቻ ነው። እናቱ ከጨለማው ውስጥ «አየኋት ልጄ፤ እንዴት ታበራለች!» አሉ።

ያኔ ገባኝ። ሉቃስ በጨለማ አያይም፤ ከዚህ ቀደም ሲመሽ በርጩማውን በእጁ ሲዳብስ እሳቸው አይተው ኖሯል፤ ማሾው ለእሱ እንጂ ለእኔ አልነበረም። በራሴ አፈርኩ። «እኔም አየኋት» አልኩ።

እሱ ደስ ብሎት ቀጠለ። ስለዚያች ነጭ ኮከብ ርቀት እየተረከ ሳለ ጠብ አለች፤ አንዲት ወፍራም የዝናብ ጠብታ፣ ግንባሩ ላይ። እጁ እንደተዘረጋ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተሸፈነው?» አለ።

«አሁን ገና ነው» አልን እኔና እናቱ፣ እኔ በአማርኛ እሳቸው በወላይትኛ፣ እኩል። ሉቃስ ትንሽ ሳቀና እጁን ለእናቱ ሰጠ። እየመሩ አስገቡት። እኔ የጠፋውን ማሾ ይዤ ከኋላቸው ገባሁ።

እሁድ ከገሱባ ስንመለስ ከረጢቱ ላይ ሆኖ ሁሉንም ነገረኝ። ዳይሬክተሩ እኔን ጠርቶ በሩን ሲዘጋ አይቶናል፤ ቀን ስለነበር። ሰላይ መሆኔን አውቆ ነው የወሰደኝ። በዚያ ወር፣ በዚያ ሰዓት፣ ከእናቱ ደጅ ሲታይ እያንዳንዱ ኮከብ የት እንደሚሆን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ዓርብ ማታ ደግሞ መብራት ሥር ሆኖ በመጽሐፍ ከልሶታል። «ደመናውን ብቻ አላጠናሁትም» አለ። ቀን ቀን ዓይኑ ደህና ነው፣ በመብራትም ያያል፤ ጨለማ ሲሆን ግን ምንም የለም። ንገረው ወይም አትንገረው አላለኝም።

ሰኞ ቢሮ ገባሁ። «እህሳ፣ ዓይኑ?» አለኝ ዳይሬክተሩ።

«ጌታዬ፣ እኔ የማላውቀውን ኮከብ ሁሉ በጨለማ አንድ በአንድ እየጠቆመ አሳየኝ» አልኩ። ስለ ደመናው አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን መታ። ፊቱ በራ። «ተገላገልኩ! የማታውን ትምህርት የሚይዝልኝ ሰው አጥቼ ነበር። ሁሉም ጅብ ፈራሁ፣ ጨለማ ፈራሁ እያለ እምቢ ብሎኛል። እንዲህ በጨለማ የሚያይ ሰው እያለኝ ምን ጨነቀኝ?» ብሎ የዚያኑ ጠዋት ለሉቃስ ደብዳቤ ጻፈ።

ደብዳቤውን ሉቃስ ሲያነበው ቀና ብሎ አየኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ከዚያ ሳቀ፣ ሳቀ፣ እኔም አብሬው እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ክፍሉ ውስጥ አምፖል ስላለ ችግር አልነበረም። ችግሩ ወደ ቤት ነው። እናም አራት ዓመት ሙሉ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ በሩ ላይ ጠብቄ ክንዴን እየሰጠሁ ቤቱ አደረስኩት። ሰው ሁሉ ምን የመሰለ ወዳጅነት ነው ይል ነበር፤ ነበረም። ከመብራቱ ወጣ እንዳልን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ «ሰማዩ ዛሬ እንዴት ነው?»

ቆም ብዬ አይለታለሁ። ኮከብ ካለ ያለበትን እነግረዋለሁ፤ ደመና ሲሆን ደመና ነው እለዋለሁ።