በሬው ሰባ

ለወጣቶች የተጻፈ ልብ ወለድ በሚነበብበት ቤት ሁሉ፣ ታሪኩን ትቶ ከሥሩ የተደበቀውን ፖለቲካ የሚቆፍር አንድ ሰው አይጠፋም። አዳማ ያለው የንባብ ክበባችንም ድርሻውን አግኝቷል፤ እኛ ጋ ያሉት አቶ ነገሪ ናቸው።

ክቡርነታቸው ጡረታ እስኪወጡ ሞጆ ደረቅ ወደብ የጉምሩክ ፈታሽ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮንቴይነር ሲያስከፍቱ ኖረው፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ታዳጊዎች መሀል ተቀምጠው መጽሐፍ ያስከፍታሉ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ያወርዱና «እሺ፣ ከሥሩ ምን አለ?» ይላሉ። ከላይ ብርድ ልብስ ከተጫነበት ኮንቴይነር ሥር ሲጋራ አግኝተው ያውቃሉና፣ ከላይ ፍቅር ያለበት መጽሐፍ ከታችም ፍቅር ይኖረዋል ብለው አያምኑም።

ሁለት ጎረምሶች ለአንዲት ልጅ ከተጣሉ፣ ልጅቷ መሬት ናት። ድመት ከጠፋች፣ ነፃ ፕሬስ ናት። አንድ ጊዜ ባለታሪኩን ጉንፋን ይዞት ሙሉ ምዕራፍ ሲያስነጥስ፣ አቶ ነገሪ ዝቅ ባለ ድምፅ «የኑሮ ውድነት» አሉ። እኔ የግጥም ሰው ነኝ፤ ሐሳብ እንዲህ ሲዘል ሳይ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ። ልጆቹ ግን ለምደውታል።

የማይረሳኝ የሰባው ነገር ነው። አንድ መጽሐፍ ላይ «አያቴ ሰባ ሞላቸው» የሚል ተነበበ። አቶ ነገሪ እጃቸውን አነሱ።

«ሰባ በኦሮምኛ ምን ማለት ነው?»

ልጆቹ ሕዝብ ማለት ነው አሉ።

«በቃ። ሕዝብ ሞላ ነው የሚለን። የሞላ ነገር ደግሞ ይፈስሳል።»

ምስኪኑ ደራሲ የአያቱን ልደት ሊያከብር ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ሲቆጥሩ እንኳ ስልሳ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ወደ እሳቸው ዞረው ይስቃሉ።

ባለፈው ወር ሌንሳ ለወላጆች ቀን የሚነበብ የራሷን ታሪክ ጽፋ መጣች። ሌንሳ ከአቦምሳ መጥታ አክስቷ ጋ የምትኖር ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ክበቡ ውስጥ ድምፅዋን ሰምተን አናውቅም ነበር። በታሪኳ፣ ዝናብ ባነሰበት ዓመት አንድ በሬ ከማሳ ማሳ እየዞረ የሰውን ሁሉ አዝመራ ይበላል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ስሙን የሚጠራ ግን የለም። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ልጆቹ ከሱ። በሬው ሰባ።»

እኔን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ ሑስና ግን ተጨነቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን በዕለቱ ባለሥልጣናትም ተጋብዘዋል፤ ይቺን ለሌላ ጊዜ ብናቆያትስ አሉ። ሌንሳ ወረቀቷን ማጣጠፍ ጀመረች። ያን ወረቀት አንዴ ካጠፈችው ሁለተኛ እንደማትዘረጋው ገባኝ።

ወይዘሮ ሑስና ወደ ባለሙያው ዞሩ። «አቶ ነገሪ፣ እርስዎ ይንገሩን። ከሥሩ ነገር አለው?»

አቶ ነገሪ ወረቀቱን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አወረዱ። ገልብጠው ጀርባውን ሳይቀር አዩ። ሁላችንም ሰባን ጠበቅን።

«የለውም» አሉ። «በሬ ነው።»

ቀልደኛው ኡበይደላ አላስችል ብሎት «ሰባውስ፣ ጋሼ?» አለ።

«ሰባ ማለት ወፈረ ማለት ነው። አማርኛ አታውቅም እንዴ?»

ወይዘሮ ሑስና በረጅሙ ተነፈሱ። እሳቸው ያላገኙትን ማን ያገኘዋል? አቶ ነገሪ ወረቀቱን ለሌንሳ መልሰው በኦሮምኛ ጀምረው «ኮቱ፣ ነይ ተለማመጂ» አሏት።

በወላጆች ቀን ሌንሳ አነበበች። መጀመሪያ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በሬው ሲሰባ ግን አልተንቀጠቀጠም። አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ።

ስንወጣ የአዳማ ንፋስ አቧራውን ያነሳው ነበር። አቶ ነገሪ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሲሄዱ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ እውነት ከሥሩ ምንም አልነበረም?»

«ነበረ እንጂ።»

«ምን?»

«ልጅቷ» አሉኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ አንድም የተደበቀ ነገር አውቄ አላሳለፍኩም። ዛሬ አሳለፍኩ።»

አንገታቸው ላይ ልጠመጠም ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ግን ባጃጅ አስቁመው ነበር። ከኋላው «አትነካኩኝ» የሚል ተለጥፎበታል። ክቡርነታቸው ከመግባታቸው በፊት ወደ ጽሑፉ ጎንበስ አሉ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ፣ ከዚያም ባለባጃጁን ጠየቁት፦

«ይቺ ማንን ነው?»