የመስኮቱ አልጋ

ቆዩ፣ ሳቄን ልጨርስ። ዋናው ነገር ያለው መጨረሻው ላይ ነው፤ ግን ገና አፌን ሳልከፍት ሳቁ እየቀደመ ያስቸግረኛል።

ለመሆኑ ሰው በምን በምን እንደሚኮራ ታዝባችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ በዘሩ ይኮራል፣ አንዱ በመኪናው። ቦንጋ ያለነው የኛ ሰፈር ሴቶች የምንኮራው በአልጋ ነው። በሆስፒታል አልጋ። እኔ ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የሆስፒታላችንን ታሪክ ግን ጠይቁኝ። ድሮ ሰዉ ሆስፒታል ማለት መሞቻ ይመስለው ነበር። ከማንኪራ ገጠር ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጡ፣ ከኋላ የሚከተለው ዘመድ መንገድ ላይ ለቅሶውን ይጀምራል። እናቴ ግን እኔን እዚያው፣ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ወለደችኝና በእግሯ ቤቷ ገባች። እህቴም ምህረትን እዚያው ወለደች። ጎረቤቶቻችን ተከተሉ። በዚያ አልጋ የተኛች ሁሉ በሰላም ትነሳለች ተባለ፤ ወሬው ሺሺንዳ ደረሰ። እኔም ወሬው እንዲደርስ ትንሽ ገፋ አድርጌዋለሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ባለፈው ክረምት የምህረት ተራ ሆነ። የመጀመሪያ ልጇ ነውና ፍርሃቷ ከሆዷ ይበልጣል። «አክስቴ፣ የመስኮቱን አልጋ ካላገኘሁ አልተርፍም» ትለኛለች። «ለኔ ተይው» አልኳት፤ አንድ ጣሳ ማር ይዤ ሄድን። ስንገባ አልጋው ተይዟል። ከዋጫ የመጣች፣ ምጧ ገና ያልጠና ሴት ተጋድማበታለች፤ አማቷ እትዬ አስካለ ደግሞ ጫፉ ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ይሄ የቤተሰባችን አልጋ ነው» ብዬ ጣሳውን ዘረጋሁ።

ከፈቱት፣ በጣታቸው ቀመሱ፣ ደገሙ። «ጥሩ ማር ነው» አሉ። «ከአልጋው ግን አንነሳም። እኛም ወሬውን ሰምተን ነው ከዋጫ የመጣነው።»

የገዛ ወሬዬ ዋጫ ድረስ ሄዶ ባላንጣ ይዞብኝ መጣ። ስንከራከር ምህረት ምጧ ጠናና በሩ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ወደቀች። አዋላጇ ሲስተር ትዕግስት እኔንና እትዬ አስካለን ኮሪደር አስወጣችን። ያኔ ሳቅ የለም። ለልጅቷ የገባሁላትን ቃል እያሰብኩ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። እትዬ አስካለ ክርክሩን ትተው እጄን ይዘው «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ማሩን ግን አልመለሱም።

ከዚያ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ሴት ልጅ። እናትም ልጅም ደህና።

«ሲስተር፣ ያለ መስኮቱ አልጋ እንዴት ሆነላት?» አልኳት።

«የቱ የመስኮት አልጋ?» አለች ትዕግስት ጓንቷን እያወለቀች። «ይሄኛውማ ክፍሉ ሲታደስ የገባ ነው፣ እትዬ። የድሮው እኮ ዘበኛው ጋሽ ወልዴ ጋ ነው፤ ይተኙበታል።»

ከእትዬ አስካለ ጋር ተያየን። ነጠላችንን ሰብስበን ወደ ዘበኛው ቤት በረርን። እውነትም እሱው ነው፤ ቀለሙ ተላልጧል፣ ጋሽ ወልዴ ጫማቸውን አውልቀው ተንጋለውበታል። እትዬ አስካለ ማሬን፣ የኔኑ ማር፣ ዘርግተው «ምራቴ ለአንድ አፍታ ጋደም ትበልበት» ብለው ለመኗቸው።

ጋሽ ወልዴ በክርናቸው ቀና ብለው ሁለታችንንም አዩን። «ትተኛበት፤ ምን ከፋኝ» አሉ። «እኔ ግን ይኸው ስንት ዓመት ተኛሁበት፣ እስካሁን ምንም አልወለድኩም።»