የተቀናጀ ዝክር

ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ከአማኑኤል ማዶ ባለች አንዲት ከተማ ቸርነት ለዘመናት ያለ ዕቅድ ሲባክን ኖሯል። የቀድሞ ሰዎች፣ ይቅር ይበላቸውና፣ ዝክራቸውን እንደ መጣላቸው ያወጡ ነበር፤ አንዱ በአቦ ዳቦ ይቆርሳል፣ አንዷ በሥላሴ ጠላ ትጠምቃለች፣ ሌላው በሚካኤል ንፍሮ ያድላል። ልጅም ዘመድም የሌላቸው ባልቴት እማማ የብርጓል ከዝክር ዝክር እየዞሩ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይጠግቡ ነበር። አይ አለመሠልጠን!

ደግነቱ አቶ ምናለ የበጎ አድራጎት ማስተባበሪያ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። በተሾሙ ማግሥት አዳራሽ ሰብስበው፣ «የገደለን ድግግሞሽ ነው! አንዲት ባልቴት በአንድ ወር ከስንት ቅዱስ ትበላለች?» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ዝክር ሁሉ ተጠቃሎ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ በኳስ ሜዳው እንዲወጣ ተወሰነ። ቅዳሜ የተመረጠው ለማንም ቅዱስ እንዳያዳላ ነው። በሌላ ቀን መመጽወት «ያልተቀናጀ ቸርነት» ተብሎ ተከለከለ።

ቅዳሜው ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፣ ባነር ተሰቀለ፣ ስለ ረኃብ አስከፊነት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ንግግር ተደረገ። ከዚያ ተበላ። እማማ የብርጓል የበሉት በዝቶባቸው ሆዳቸውን ሲያማቸው አደረ። ሰኞ መጣ፣ ማክሰኞ መጣ፣ የጮቄ ብርድ መጣ፤ ሚካኤልም ባዶ እጁን መጣ። እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው አቶ ምናለ ቢሮ ሄዱ።

«ልጄ፣ ራበኝ እኮ!»

«ቅዳሜ አልበሉም እንዴ እማማ?»

«በልቻለሁ፣ እድሜ ይስጥህ።»

«ታዲያስ! የበሉትን ለወሩ ማብቃቃት የተጠቃሚው ድርሻ ነው።»

«እውነትህን ነው። ያልሠለጠነው ሆዴ ነው፤ እስቲ ስብሰባ ጥራልኝና ምከሩት።»

አቶ ምናለ ስለ ገንቢ አስተያየታቸው አመስግነው ሸኟቸው። በዚያው ሰሞን ለበላይ አካል ባቀረቡት ሪፖርት፣ «በከተማችን ድህነት በወር አንድ ቀን ብቻ የሚታይ ሆኗል» አሉ። ሐሰት የለበትም፤ በቀሩት ቀናት ድሃው ከተኛበት መነሣት አቅቶት ነበር።

የማርያም ዕለት ማለዳ የእማማ የብርጓል በር ተንኳኳ። ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሰው ዘው ብሎ ገባና ከጋቢው ሥር ትኩስ ድፎ ዳቦ አወጣ። አቶ ምናለ ናቸው።

«ልጄ ታማብኝ ለእመቤታችን ተስዬ ነበር፤ ዳነችልኝ» አሉ በሹክሹክታ።

«እልል! ታሳድግልህ! ግን እስከ ቅዳሜ ብታቆየው ምን ነበረበት?»

«ኧረ እማማ! ስእለት ይቀጠራል እንዴ? ብትቀየመኝስ!» አቶ ምናለ በሩን ዘወር ብለው አዩ። «ብቻ አደራዎን፣ ከቢሮ ሰው እንዳይሰማ።»

«አይዞህ» አሉ እማማ ዳቦውን እየቆረሱ፤ «ምክትልህም ይህንኑ ነው ያሉኝ። ስታንኳኳ ሰምተው ጓዳ ገብተዋል።»