ጦርነቱን ከፀጉር ቤት ያዝዙ የነበሩት ሲዲ ዘርዋል

መርከብ ላይ ሳይወጣ መርከበኛን ሁሉ የሚያርም ሰው የሌለበት የወደብ ከተማ የለም። የአልጀርሱ ሲዲ ዘርዋል ይባላሉ፤ ሲዲ ማለት ጌታዬ እንደማለት ነው። እንጀራቸው ገመድ መሸጥ ነው፤ ዋና ሥራቸው ግን ማዕመር የሚባል ፀጉር አስተካካይ ቤት ተቀምጠው የሱልጣኑን የባሕር ጦር ማዘዝ ነው።

"ቱኒስ ላይ የተሳሳቱት አገባባቸው ላይ ነው" ይላሉ አገጫቸው በሳሙና እንደተለቀለቀ። "እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ..."

ማዕመር ምላጩን አንሥቶ ይጠብቃል። የሚንቀሳቀስ አገጭ አይላጭማ። ትሪፖሊ ስትያዝ ክቡርነታቸው አስቀድመው ተናግረው ነበር፤ መርከብ ሲሰጥምም "ብያቸው ነበር" አሉ። ለማን እንዳሉ የሚያውቅ ግን የለም።

አንድ ቀን የጦር መርከብ አዛዡ ቱርሃን ሬይስ ሊላጭ ገባ። ሲዲ ዘርዋል ከላይ እስከታች አዩትና፣ "የስፔኖቹን ምሽግ ፊት ለፊት ልትገጥም ነው አሉ። እሱማ ጅልነት ነው" አሉት። ማዕመር ትንፋሹን ዋጠ። ከዚህ ባነሰ ነገር መቅዘፊያ ላይ የታሰረ ሰው ያውቃል።

ሬይሱ ግን ረጋ ብሎ፣ "ነገ እንነሣለን ሲዲ። ይምጡና ያሳዩኝ" አለ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ማዕመር፣ "ነገ ወገባቸውን ያማቸዋል" አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ ሊሳለቅ ወደብ ወረደ። ሲዲ ዘርዋል ብርድ ልብሳቸውን በብብታቸው ሸጉጠው የመርከቧን መሰላል ይወጣሉ። ማዕመር አፉን ከፍቶ ቀረ።

መርከቧ ስትመለስ ምሰሶዋ ተሰብሮ በሌላ መርከብ እየተጎተተች ነበር። ማዕመር ሱቁን ሳይዘጋ ሮጠ። ሽማግሌው ካባቸው በደም ደርቆ ወረዱና ማንንም ሳያዩ አለፉ።

"ተመትተው ነው?" ሲል ኢልያስ የሚባለውን መድፈኛ ጠየቀው። ኢልያስ አንድ እጁ የለም።

"ደሙ የእኔ ነው" አለው። "ቁስለኞቹን ከታች ከምረውን ነበር። ሐኪም የለ፣ ውሃ የለ። እሳቸው ደሜ እንዳይፈስ ክንዴን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘው ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ዋሉ። ሬይሱ የት እንደተሳሳተ፣ ስፔኖቹም ሳይቀሩ ምን ማድረግ እንደነበረባቸው። ወንድሜ፣ መሞት ፈልጌ ነበር። ግን መልስ ሳልሰጣቸው መሞት አናደደኝ።"

ማዕመር ሲመለስ ሲዲ ዘርዋል ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ደንበኞቹ ከበዋቸዋል።

"እንዴት ነበር ውጊያው?" አለ አንዱ።

ዛሬማ እስኪመሽ ማንም አይወጣም ብሎ ሁሉም ተመቻቸ።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አሉ ሲዲ ዘርዋል ቀስ ብለው። "እዚያ የነበሩትን ጠይቁ።"

ማዕመር ደነገጠ። ሰውየው አላውቅም ሲሉ የሰማበት ቀን አልነበረም። ጠያቂውን በዓይኑ ገሠጸው፤ ሞቅ ያለ ውሃ አመጣና ጉልበታቸው ሥር ተቀመጠ። ጢማቸውን ሳይነካ፣ በጥፍራቸው ሥር የደረቀውን ደም እያስለቀቀ፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠበላቸው።