ቲኬቱ በ«ልዩ ልዩ» ሥር

አዋጅ! ጆሮ ያለህ ስማ፣ ጆሮ የሌለህ ከጎረቤትህ ተዋስ! በሎላንድ ደሴት፣ በናክስኮቭ ከተማ፣ ከወደቡ ሦስተኛው መንገድ ላይ፣ በአንድ ጋራዥ ውስጥ፣ ከዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ቶርኪል የተባለ አጭር ሰው ሊቀመንበር ሆኗል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወደቡ ላይ የጭነት ሚዛን ሲያነብ ኖሮ በጡረታ የተሰናበተው ይኸው ሰው ዛሬ ራሱን መዝኖ እጅግ ከባድ ሆኖ አግኝቶታል። የሚመራው ድርጅት «ወደ ታላቁ የሙዚቃ ፌስቲቫል የመጀመሪያ ጉዞ አድራጊዎች ማኅበር» ይባላል። የማኅበሩ ሰፊ ሕዝብ አስገር ነው። ከአስገር ሌላ ሕዝብ የለም። አስገር የትምህርት ቤት ቧንቧ ጠጋኝ ሲሆን፣ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። ባዩ ቶርኪል ነው።

[ቶርኪል ከእናቱ ጋር የሚኖርበት ቤት ጋራዥ። መኪናው ለስብሰባው ክብር ሲባል ወደ ዝናቡ ተባሯል። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ባንዲራ፣ ክብ ዳቦ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ በፔርሙስ ቡና፣ ለእያንዳንዱ አንዳንድ መለኪያ መራራ አረቄ። አስገር ስልኩን ይዟል፤ የፌስቲቫሉ ገጽ ላይ ያልተሸጠው ቲኬት ቁጥር ይታያል።]

አስገር፦ ሰባቱንም?

ቶርኪል፦ ሰባቱንም ስንኝ!

አስገር፦ ሁለት ሰው እኮ ነን። አንዱን ዘምረን ስድስቱን በልባችን ብንይዘውስ?

ቶርኪል፦ የትኛው ማኅበር ነው ሳይዘመር የተከፈተ? ንብ አርቢዎቹ ይዘምራሉ። ጀልባ ቀዛፊዎቹ ይዘምራሉ። የውሻ ባለቤቶች ማኅበር እንኳ ይዘምራል!

አስገር፦ ውሾቹስ?

ቶርኪል፦ ከባለቤቶቹ ይሻላሉ። ተነስ!

አስገር፦ ቲኬቱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቀርቷል ይላል።

ቶርኪል፦ ተነስ አልኩህ! መዝሙሩ ስለ በጋ ነው። ስለ በጋ ተቀምጦ አይዘመርም።

[ቆመው ይዘምራሉ። ስለ ገብስ ማሳ ሦስት ስንኝ፣ ስለ ላም ሁለት ስንኝ፣ ስለ ሌላ ላም ሁለት ስንኝ። ሲጨርሱ አረቄዋን ይጨልጣሉ።]

አስገር፦ [እያለከለከ] መቶ ሰባ።

ቶርኪል፦ አንደኛ አጀንዳ! የስብሰባ መሪ ምርጫ። ማንን ትጠቁማለህ?

አስገር፦ ሊቀመንበሩ አንተ አይደለህ?

ቶርኪል፦ ሊቀመንበር ማኅበሩን ነው የሚመራው። ስብሰባውን የሚመራው ሌላ ነው።

አስገር፦ ሌላ ማለት... እኔ?

ቶርኪል፦ አንተ ጸሐፊ ነህ። ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይመራም።

አስገር፦ ታዲያ ማን ቀረ?

ቶርኪል፦ [አንገቱን በትሕትና ደፍቶ] ካስገደዳችሁኝ እሺ።

አስገር፦ ማነው ያስገደደህ?

ቶርኪል፦ ሁለተኛ አጀንዳ! የሊቀመንበሩ የሥራ ሪፖርት። [ስድስት ገጽ ያወጣል] «ማኅበራችን ባሳለፍነው ዓመት...»

አስገር፦ ዛሬ ጠዋት አይደል እንዴ ያቋቋምነው? እኔ ገና ኮቴን ሳላወልቅ?

ቶርኪል፦ ለዚህ እኮ ነው አንድም ስህተት ያልተገኘበት! ጻፍ። «ባሳለፍነው ዓመት አንድም አባል አልለቀቀም። አንድም ድንኳን በነፋስ አልተወሰደም...»

አስገር፦ ቶርኪል...

ቶርኪል፦ ክቡር ሊቀመንበር።

አስገር፦ ክቡር ሊቀመንበር፣ መቶ ሃያ።

ቶርኪል፦ መቶ ሃያ ምን?

አስገር፦ ቲኬት ነዋ! ልጄ ሐሙስ ቀትር ላይ ነው የምትጫወተው። ቲራ። ትንሿ መድረክ ላይ፣ አኮርዲዮን። ይህን ያህል ሰው ፊት ቆማ አታውቅም። «አባዬ ከፊት ቁምልኝ፤ አንተን ካየሁ ጣቴ አይንቀጠቀጥም» ብላኛለች። ቲኬቱ ካለቀ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነው የምሰማት።

ቶርኪል፦ አይዞህ፣ ቲኬት አጀንዳ ላይ አለ። ስድስተኛ ነው። «ልዩ ልዩ ጉዳዮች»።

አስገር፦ ስድስተኛ? ለምን አንደኛ አላደረግነውም?

ቶርኪል፦ አየህ! አንተ ብትሆን ከአልጋህ ተነስተህ፣ ቀጥ ብለህ ቲኬት ትገዛ ነበር።

አስገር፦ አዎ።

ቶርኪል፦ ሊቀመንበር ያልሆንከው ለዚህ ነው! ቲኬት ዝርዝር ጉዳይ ነው። መጀመሪያ መርሕ፣ ከዚያ ባንዲራ፣ ከዚያ ስንቅ። ዝርዝር መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሁለት ክረምት ያጠናሁት በከንቱ መሰለህ? እዚያ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ በሩጫ ነው የሚያዘው፤ አጥሩ ሲከፈት ሺህ ሰው ይሮጣል።

አስገር፦ አንተ በዚያ ጉልበትህ ልትሮጥ ነው?

ቶርኪል፦ ሊቀመንበር አይሮጥም። ያስሮጣል።

አስገር፦ [ጉልበቱን እየዳሰሰ] ገባኝ።

ቶርኪል፦ ሦስተኛ አጀንዳ! የድንኳኑ ባንዲራ። ሰማያዊ ወይስ ቢጫ?

አስገር፦ ባንዲራ ለምን ያስፈልጋል?

ቶርኪል፦ ከአርባ ሺህ ድንኳን መሃል የራሳችንን በምን ትለየዋለህ?

አስገር፦ አንተ ውስጡ ሆነህ ትናገራለህ፤ እሰማሃለሁ።

ቶርኪል፦ ሰማያዊን የምትደግፉ!

[አስገር እጁን ያነሳል።]

ቶርኪል፦ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!

አስገር፦ ቅቤውን አቀብለኝ ልልህ እኮ ነው እጄን ያወጣሁት።

ቶርኪል፦ ሕዝብ አንዴ እጁን ካወጣ በኋላ ለቅቤ ነበር አይባልም።

አስገር፦ እኔ ቢጫ ነበር የምፈልገው። ሰማንያ ስምንት ቀረ። ቢጫ!

ቶርኪል፦ ደግ፣ ዴሞክራሲ ነው። አንድ ለሰማያዊ፣ አንድ ለቢጫ። ድምፅ እኩል ሲሆን የሊቀመንበሩ ድምፅ ሁለት ይሆናል። ሰማያዊ።

አስገር፦ ታዲያ እኔ በምን ጊዜ ነው የማሸንፈው?

ቶርኪል፦ ከእኔ ጋር በተስማማህ ጊዜ። አራተኛ አጀንዳ፣ ስንቅ! ለስምንት ቀን ጥቁር ዳቦ፣ የተፈጨ ጉበት፣ በቲማቲም የታሸገ ዓሣ አርባ ስምንት ጣሳ።

አስገር፦ እዚያ የሚበላ አይሸጥም?

ቶርኪል፦ ይሸጣል። ግን ማን እንደሠራው ይታወቃል?

አስገር፦ ዓሣውን ማን እንዳሸገው ታውቃለህ?

ቶርኪል፦ [ቆጣ ብሎ] ጸሐፊው ይጻፍ! አምስተኛ አጀንዳ፣ የድንኳን ሥነ ሥርዓት። አንቀጽ አንድ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሙዚቃ ክልክል ነው።

አስገር፦ ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ?

ቶርኪል፦ በእኛ ድንኳን ዙሪያ።

አስገር፦ ለሌላው አርባ ሺህ ማን ይነግረዋል?

ቶርኪል፦ ጸሐፊው። በጽሑፍ።

አስገር፦ [ይነሳል] ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ።

ቶርኪል፦ ዕረፍት አጀንዳ ላይ የለም። ድምፅ እንስጥ። እኔ እቃወማለሁ።

አስገር፦ ፊኛዬ ደንቡን አላነበበችም ቶርኪል!

ቶርኪል፦ ... አምስት ደቂቃ።

[አስገር በማዕድ ቤቱ በር ይወጣል። ቶርኪል ብቻውን ሆኖ «የተከበራችሁ አባላት» የሚለውን በሦስት ዓይነት ድምፅ ይለማመዳል። አስገር ይመለሳል። ፊቱን የሚመለከት ሰው መፈታቱን ያይ ነበር፤ ቶርኪል የሚመለከተው ግን ሰዓቱን ነው።]

ቶርኪል፦ አሥራ ሁለት ደቂቃ! ምን ስትሠራ ነበር?

አስገር፦ እናትህን ማዕድ ቤት ድንች ሲልጡ አገኘኋቸው። ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው ብዬ... ቶርኪል፣ ስማኝ፣ አንተም ቶሎ ብለህ...

ቶርኪል፦ ቃል አልተሰጠህም።

አስገር፦ አሥራ አራት ነው የቀረው፤ አንተም...

ቶርኪል፦ ቃል አልተሰጠህም! አንቀጽ ሁለት፣ የእግር ሹራብ የሚሰጣበት ቦታ...

አስገር፦ [እጁን አንስቶ] ክቡር ሊቀመንበር!

ቶርኪል፦ ሹራብን የምትደግፉ፣ በሙሉ ድምፅ! አንቀጽ ሦስት...

[ሃያ ሁለት አንቀጽ ይነበባል። አስገር በመጀመሪያዎቹ ላይ ሦስት ጊዜ እጁን ያነሳል፤ ሦስት ሕግ ይጸድቃል። ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ዳቦ ይበላል።]

ቶርኪል፦ [ላቡን ጠርጎ] ስድስተኛ አጀንዳ! «ልዩ ልዩ»! አሁን ነፃነት ነው። ስለ ቲኬት በሆድህ ያለውን ሁሉ ተናገር።

አስገር፦ አንድ ቀርታለች። እንግዛት!

ቶርኪል፦ አንድ? ማኅበሩ እኮ ሁለት ሰው ነው።

አስገር፦ አንድ ይበቃል።

ቶርኪል፦ [ወደ ጣሪያው እያየ] ፈጣሪ ሆይ፣ ይህን ሕዝብ ነው የሰጠኸኝ! ሁለት ሰው በአንድ ቲኬት! አንዱ በሌላው ኪስ ገብቶ ነው?

አስገር፦ ግዴለህም አንድ ይበቃል፤ ግዛት ብቻ!

ቶርኪል፦ ሐሳብህ ተመዝግቧል። ሌላ?

አስገር፦ ሌላ የለም። ግዛት!

ቶርኪል፦ አይቻልም።

አስገር፦ ለምን?

ቶርኪል፦ በ«ልዩ ልዩ» ሥር ሁሉም ነገር ይወራል፣ ምንም ነገር አይወሰንም። በዚህ አገር ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም!

አስገር፦ ታዲያ ለምን እዚያ ውስጥ ከተትከው?

ቶርኪል፦ [ደንቡን ያገላብጣል] ባንዲራው ቦታውን ይዞት ነበር።

አስገር፦ አሁን ምን ይሁን?

ቶርኪል፦ አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ እጠራለሁ።

አስገር፦ ጥራ!

ቶርኪል፦ የአሥራ አራት ቀን ማስታወቂያ ይፈልጋል።

አስገር፦ ደንቡን ቀይረው!

ቶርኪል፦ ደንብ የሚቀየረው በአባላት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። የሁለት ሰው ሁለት ሦስተኛ... [በጣቱ ያሰላል] አንድ ሰው ከሲሶ።

አስገር፦ ሲሶውን ሰው ከየት እናመጣለን?

ቶርኪል፦ እሱን ነው የማስበው።

አስገር፦ ሁለታችንም እጃችንን ብናወጣስ?

ቶርኪል፦ የሊቀመንበሩ ሐሳብ ነው። ጻፍ! የምትደግፉ! ሁለት እጅ! ጸደቀ! ጉባኤው ተጠራ፣ ተከፈተ፣ ቲኬት እንዲገዛ በአንድ ድምፅ ተወሰነ! ታሪካዊ ቀን ነው አስገር! ስልኩን አምጣ!

[ስልኩን ይነጥቃል። ያያል። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ ያያል።]

ቶርኪል፦ «አልቋል» ይላል።

አስገር፦ አዎ። ሲሶውን ስታሰላ ነው ያለቀችው።

ቶርኪል፦ [ወንበሩ ላይ ይወድቃል] ወደቡን ሁሉ ነግሬአለሁ። ለክሬን ነጂው ሳይቀር። አንተስ! ልጅህ! ምን ዓይነት አባት ነህ? ጠረጴዛ አትደበድብም? አትጮህም? ዝም ብለህ ዳቦህን ትበላለህ! አሁን ከአጥሩ ውጭ ቆመህ ስማት!

አስገር፦ እኔማ ከፊት ነው የምቆመው። ገዝቻለሁ።

ቶርኪል፦ ... መቼ?

አስገር፦ ሽንት ቤት ስሄድ።

ቶርኪል፦ [ይነሳል፣ ያቅፈዋል] አንተ ጀግና! አንተ የሕዝብ ልጅ! ስንት ገዛህ?

አስገር፦ ሁለት። ለአንድ ሰው ከሁለት በላይ አይሸጡም።

ቶርኪል፦ ሁለት! ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር! በሊቀመንበሩ ቆራጥ አመራር...

አስገር፦ ሁለተኛዋ ያንተ አይደለችም።

ቶርኪል፦ የማን ናት?

አስገር፦ የእናትህ። ድንች ሲልጡ አገኘኋቸው አላልኩህም? ስልኬን ስነካካ «ምን እየገዛህ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ይመጣሉ ወይ?» አልኳቸው። «ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» አሉኝ። በቃ።

ቶርኪል፦ እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው!

አስገር፦ ነገሩኝ። «ታዲያ መቼ ልሂድ?» ነው ያሉኝ።

ቶርኪል፦ ደንቡን አታውቅም! ድንኳን አታውቅም! አንድም ስብሰባ ተቀምጣ አታውቅም!

አስገር፦ ቢቀመጡማ ቲኬት አይኖራቸውም ነበር።

ቶርኪል፦ [ድምፁ ወርዶ] እኔስ አስገር? ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?

አስገር፦ አሥራ አራት ሲቀር ልነግርህ ነበር፤ ቃል አልሰጠኸኝም። እጄን ሳወጣ ሹራብ አጸደቅክብኝ። መጨረሻዋንም ላንተ ብዬ ነበር አንድ ይበቃል ያልኩህ።

[ከማዕድ ቤቱ አዲስ የጎማ ቦት ጫማ ሲሞከር የሚያሰማው ጩኸት ይሰማል፤ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ተመለሰ፣ ትንሽም ዘለለ።]

ቶርኪል፦ አቤቱታ አቀርባለሁ!

አስገር፦ ለማን?

ቶርኪል፦ ለሊቀመንበሩ!

አስገር፦ [ኮቱን እየለበሰ] በርታ። እኔ እናትህ ያንን ጫማ እንዴት እንደሆኑበት ልይ። ሩጫውን እሳቸው ይችሉታል መሰለኝ።

ቶርኪል፦ ተመለስ! ስብሰባው አልተዘጋም! ለመዝጋት ሁለት እጅ ያስፈልጋል! አስገር! ... ጸሐፊ!

[አስገር ወጥቷል። ቶርኪል አንድ እጁን አንስቶ ይጠብቃል።]

አንባቢ ሆይ! ይህ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ሊቀመንበሩ ጋራዥ ውስጥ እጁን እንደሰቀለ ነው። ከደንቡ ጋር ከመጣላት ክንዱ ቢደርቅ ይመርጣል፤ ሁለተኛ እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው። አንተ ደግሞ ዕድሜህን ሙሉ ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ እጅ ስታወጣ የኖርክ ሰው ነህ፤ አውቅሃለሁ። ስለዚህ አጥብቄ እለምንሃለሁ፦ በዚያ በኩል ስታልፍ «የምትደግፉ!» የሚል ድምፅ ከሰማህ፣ እባክህን ለአንድ ቀን እንኳ እጅህን ከኪስህ አታውጣ።