ጋሼ ታክ እና አምስቱ ቀዳዳዎቹ

አንዴ ታሞ የዳነ ሰው ከሐኪም ይብሳል። ሐኪም ቢያንስ ሲመሽ ጋዋኑን አውልቆ ቤቱ ይገባል፤ ከበሽታ የተረፈ ጎረቤት ግን ጋዋን ስለሌለው የሚያወልቀው ነገር የለም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር አይገኝም። እዚህ ጆንጁ ከተማ ለእኛ ሰፈር የደረሰን ክቡር ፕሮፌሰር ታክ ግዋንግሺክ ነው። ሙያው ልብስ ማጠብና መተኮስ ነው። ፕሮፌሰርነቱን ያገኘው በካንሰር ምክንያት አብዛኛው ጨጓራው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ነው።

ጣጣው የመጣው ቀዶ ጥገናው እንደ ድሮው ሆድ ተሰንጥቆ ሳይሆን በትንንሽ ቀዳዳዎች በመሠራቱ ነው። በአንዱ ካሜራ፣ በሌሎቹ ቀጫጭን መሣሪያ አስገብተው፣ ሐኪሞቹ ቴሌቪዥን እያዩ ቆርጠው አወጡለት። ትልቅ ጠባሳ ያለው ሰው አንዴ አሳይቶ ዝም ይላል፤ ጠባሳው ይናገርለታል። ጋሼ ታክ ግን ማስረዳት አለበት። ሸሚዙን ይገልጥና የትንኝ ንክሻ የመሰሉትን አምስት ነጥቦች በጣቱ እያሳየ፣ "አሁን ይሄ ቢላ የገባበት ሆድ ይመስላል?" ይላል። አይመስልም ካሉት አንድ ሰዓት ያስረዳል። ይመስላል ካሉት ሁለት።

በሕዝብ መታጠቢያው ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክረን ያስተምረናል። ለቅሶ ቤት ሄዶ፣ ሟቹ የሞተው በልብ ድካም ሆኖ ሳለ፣ ለለቅሶኛ የሚቀርበው ቀይ ሾርባ እስኪቀዘቅዝ ስለ ጨጓራ አውርቷል። የእህቴ ልጅ ስታገባ ደግሞ የሙሽራውን አባት ጥግ አስይዞ፣ "ካሜራ ውጠው ጨጓራዎን የታዩት መቼ ነው?" ብሎ ጠየቃቸው። ሰውየው በሠርጉ ፎቶ ሁሉ ላይ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሚታዩት።

እኔን ግን ለይቶ ያዘኝ። የቧንቧ ዕቃ የምሸጥበት ሱቅ ከእሱ ሱቅ ፊት ለፊት ስለሆነ ማምለጫ አልነበረኝም። መንግሥት በየሁለት ዓመቱ የሚጠራንን የጨጓራ ምርመራ ስንቴ እንደዘለልኩ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ገና በሬን ሳልከፍት፣ በልጄ ስም ጠርቶ፣ "የቦም አባት፣ ሄድክ?" ይለኛል። ደንበኛ ፊት ይጠይቀኛል፤ ባለቤቴን መንገድ ላይ አስቁሞ ይጠይቃታል። በመጨረሻ የሄድኩት ለጤናዬ አስቤ ሳይሆን እሱን ዝም ለማሰኘት ነው።

ተገኘብኝ። ትንሽ ነው፣ አልተሰራጨም፣ በቀዳዳ ይወጣል አሉኝ። ወደ ሱቄ ስመለስ ጋሼ ታክ ያልተተኮሰ ሱሪ ክንዱ ላይ እንደጣለ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። "አላልኩህም?" ሊለኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁት። አላለም። የጨጓራዬ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ። ታችኛው በኩል መሆኑን ስነግረው፣ "የእኔም እዚያው ነበር" አለና ሱሪውን ይዞ ተመለሰ።

ሆስፒታል ስገባ ግን ማዕረጉ ተመለሰለት። ቀዶ ጥገናውን የምትሠራልኝን ሐኪም ካሜራውን በእምብርት በኩል እንድታስገባ መከራት፤ እሷም ሳትስቅ አመሰገነችው። ሆዴ በጋዝ እንደሚነፋ፣ ስነቃ በዚሁ የተነሣ ትከሻዬን እንደሚያመኝ፣ አመመኝ ብዬ እንዳልተኛና በነጋታው ተነሥቼ እንድራመድ፣ ለእኔም፣ ለክፍሉ በሽተኞችም፣ ሊጠይቁ ለመጡትም አስረዳ። ጠዋት አልጋዬ ሲገፋ፣ "ትተኛለህ፣ ትነሣለህ፣ አለቀ" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። እወጣለሁ የተባለበት ሰዓት አለፈ። ጨጓራዬ ከጉበቴ ጋር ተጣብቆ ኖሮ እሱን ማላቀቁ ጊዜ እንደፈጀ ኋላ ነገሩን፤ ያን ጊዜ ግን የሚያውቁት ነገር አልነበረም፣ መጠበቂያው ክፍል ያለው ሰሌዳ ላይ ከስሜ አጠገብ "በቀዶ ጥገና ላይ" የሚለው ጽሑፍ አልቀየር አለ እንጂ። ጋሼ ታክ የባለቤቴን ቦርሳ ጭኑ ላይ አቅፎ ሰሌዳውን ብቻ ያያል። ምሳ አልበላም አለ። ልጃቸው ለጨጓራ ቀዶ ጥገና የገባባቸው አንዲት አሮጊት አጠገቡ ተቀምጠው ነበር፤ እንዲህ ያለው ነገር ይህን ያህል ይቆያል ወይ ብለው ጠየቁት።

"እኔ ምን አውቄ፣ እናቴ" አላቸው። "ልብስ አጣቢ ነኝ።"

በነጋታው የግሉኮሱን መስቀያ እየገፋሁ ኮሪደሩን ስዞር ጋሼ ታክ ከጎኔ ነበር። ትከሻዬን አመመኝ ብዬው እንኳ ማብራሪያ አልሰጠኝም። አሮጊቷን ለምን እንዲያ እንዳላቸው ጠየቅሁት።

"የእኔን ሲቆርጡ እኮ ተኝቻለሁ" አለ። "ውጭ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚሆን በምን ልወቅ?"

ከዚያ አፍንጫውን ጠራርጎ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረ። የደከመኝ መስዬ ክንዱን ያዝኩና ተደገፍኩት። መደገፍ አላስፈለገኝም ነበር።