መሳፍንት በጠባብ ጅንስ ቆሞ ሙሽራ ያስፈቀደበት ዜና

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ መሳፍንት ደብረ ማርቆስ ከርሞ ወደ ይጁቤ በተመለሰ በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ሚካኤል በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ በዕለተ ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ በልብስ ሰፊው በበላቸው በረንዳ ላይ፣ ሰባት ሰው እየሰማ፣ ይህ መሳፍንት እኔን እንዳላማውን ሰደበኝ። ሰባቱንም በስም አውቃቸዋለሁ። ሦስቱ ስቀዋል፤ አንደኛው ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት ነው።

የነገሩም መነሻ እንዲህ ነው። የወንድሜ ልጅ አንዷለም የአካለ ወልድን ልጅ ሕሊናን ወዶ፣ እርሷም ወዳው፣ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ሦስተኛው ከተመለሰ በአገራችን ወግ ነገሩ ያበቃል። ለዚህ ለሦስተኛው እኔ ተመርጬ ነበር፤ በዕድሜም በደምም ይገባኛልና። በዚያ ቅዳሜ ጉልበቱ የነጣ አሮጌ ሱሪ ይዤ ሄጄ፣ ይህን ጅንስ ለእርሻ ቁምጣ አድርግልኝ፣ ጨርቁ ገና ጠንካራ ነው ብዬ በላቸውን አዘዝሁ። ወእምዝ፣ ማለት ከዚህ በኋላ፣ የማርቆስን አስፋልት የረገጠው፣ መነጽሩን በግንባሩ የሚሸከመው፣ ስም አራሚው መሳፍንት ከወንበሩ ተነሥቶ አዋጅ ነገረ፦

«ስሙ! ጅንስ ሱሪው ነው፤ ጨርቁ ዴኒም ይባላል። ይህን የማያውቅ፣ ከስድስተኛ ክፍል የወረደ ባለ ቁምጣ፣ ምን ብሎ ነው በሰው ደጅ ቆሞ የሰው ልጅ የሚጠይቅ?»

በይጁቤ ምድር ሱሪውም ጅንስ ነው፣ ጃኬቱም ጅንስ ነው፣ የተማሪው ቦርሳ፣ የጋሪ ነጂው ኮፍያ፣ የሙሽሮች ሚዜ የሚለብሰው ሰደርያ ሳይቀር ጅንስ ነው፤ ሱሪው አርጅቶ ለአህያ ጀርባ መደላድል ሲሆን እንኳ ጅንስ እንደተባለ ይሞታል። ሕዝቡ እንዲህ እያለ ሲገዛ፣ ሲለብስና ሲጥፍ ኖሮ ስም በማጣት ዕራቁቱን የሄደ የለም። ያቺ አንዲት ቃል ግን ሹመቴን ነቀለችው። በማግስቱ ዘመዶቼ ተሰብስበው፦

«አያ እንዳላማው፣ ቅር አይበልዎ፤ የተማረ ሰው ይቅደም፣ እርስዎ ከኋላ ይከተሉ» ብለው አወጁ።

መሳፍንትም ለዘመቻው ከማርቆስ ያመጣውን ቀለሙ እንደ ቀለም ብልቃጥ የጠቆረ ጅንስ ለበላቸው ሰጥቶ፣ እንደ ከተማ ጎረምሳ ይጥበብልኝ አለ፤ አርባ ስድስት ዓመቱን ረስቶ። ስፌቱ በተደራረበበት ላይ የበላቸው መርፌ ሦስት ጊዜ ተሰበረ። ብልህ ሰው ቢሆን ምልክት ነበር።

ኅዳር ሃያ ሁለት፣ እሑድ፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ጎትቶለት፣ ትንፋሹን ውጦ ገባበት። ከዚያም ወደ አካለ ወልድ ቤት ተጓዝን፦ በፊት አብረውን የተላኩት መሪጌታ ወልደ ሰንበት በበቅሏቸው፣ ቀጥሎ መሳፍንት በእግሩ፣ እግሩ ወደ እርካብ አልነሣ ስላለው ነበር፣ ሕዝቡ ግን ትሕትና ነው አለለት፤ ቀጥሎ ሌላው ሽማግሌ ዝምተኛው አማረ፤ ከሁሉም በኋላ እኔ፤ ከእኔም በኋላ ማንም ያልጠራው የመሪጌታ ውሻ።

ወግ ነውና፣ አካለ ወልድ ተቀመጡ ሲል ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለን ጥቂት ቆምን። ሲለመኑ መሪጌታ ተቀመጡ፣ አማረም ተቀመጠ፤ እኔ ቦታዬ በሩ ሥር ነው። መሳፍንት ግን ቆመ። በርጩማ ቀረበለት፣ ቆመ። ቁርበት የተነጠፈበት መደብ ታየው፤ አንድ ጣት ያህል ጎንበስ ቢል ስፌቱ ጠጠጥ ሲል ከበሩ ሆኜ ሰማሁት፤ ተመልሶ ቀጥ አለ። መሪጌታ ወግ ጠቅሰው፣ ምሳሌ መስለው፣ ጸሎት አድርሰው እስኪጨርሱ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። በዚህ ጊዜ የቤቱ እመቤት ወለተ ሥላሴ ከጓዳ ወጥታ አወጀች፦

«ኧረ በሚካኤል! ሰውዬው ቆሞ ሊሞት ነው እኮ! አንቱ፣ ልብዎ ድንጋይ ነው?»

አካለ ወልድም ተነሥቶ፦

«ሁለት ጊዜ የመጡት ተቀምጠው ጠላዬን ጠጥተው ነው የሄዱ። ስለ ሰው ልጅ ብሎ እንዲህ እያለቀሰ የቆመ ግን አላየሁም። ይህ ሰው ለቆመለት ልጅ ልጄን ሰጥቻለሁ፤ አሁን ይቀመጡ!»

አሁንም አልተቀመጠም። የደስታውን ጠላ ቆሞ ጠጣ፤ ያም ጨዋነት ተባለ።

ወሶበ ወፅአ፣ ማለት ከቤት ሲወጣ፣ በአጥሩ በር ሰው ተሰብስቦ፣ አካለ ወልድ ሊሸኘን ከኋላ እየመጣ ሳለ፣ ድል አድራጊው ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ ወደ እኔ ዞሮ በታላቅ ድምፅ ነገረ፦

«አየህ፣ ባለ ቁምጣ? ሽማግልና እንዲህ ነው! ዴኒም ማለት ምን እንደሆነ ዛሬ ገባህ? ተማር!»

ሰው ሳቀ። እኔ በኋላው የመጣሁ ነኝና፣ ሱሪው ከወገቡ በታች ስንዝር ያህል ተተርትሮ ነጩ የውስጥ ልብሱ እንደ ባንዲራ ብቅ ማለቱን አይቻለሁ። ዞር በል ብል ይበቃኝ ነበር፤ የበላቸው በረንዳ ስድብ ሁሉ ይመለስ ነበር። ነገር ግን አካለ ወልድ ያከበረው ቁመት ከጠበበ ሱሪ የመጣ መሆኑን ቢያውቅ፣ እዚያው በሩ ላይ ቃሉን ይስብ ነበር፤ አንዷለም ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ወንዙ ዳር ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ ይጠብቃል።

ጋቢዬን አውልቄ እስከ ባቱ ድረስ ለቅቄ ጣልሁበት። ሕዝቡም «ካባ አለበሰው!» ብሎ እልል አለ። እስከ ዛሬ አልመለሰውም።

እንግዲህ ይጻፍ፤ ተቀምጦ ያልተረታ፣ መቀመጥ ስላልቻለ የረታ፣ የጨርቅን ስም የሚያውቅ፣ የገዛ ወገቡን ልክ የማያውቅ፣ ገናና፣ ኃያል፣ ቀጥ ያለ መሳፍንት ነው። ክብር ለክሩ፤ እስከ አጥሩ በር ድረስ ታግሷልና። እኔም የኅዳር ብርድ በባዶ ቅልጥሜ ላይ እየነፈሰ፣ ውሻው እየተከተለኝ፣ የምሥራቹን ለአንዷለም ልነግር ቁልቁል ወደ ወንዙ ሄድሁ።